ለአውራሪሷ የተገጠመ ቀንድ

ታላቅ ወንድሜ የሠርግ ፎቶ ቤት አለው። ጥርሱ የወለቀ ሙሽራ ገብቶ ሙሉ ጥርስ ይዞ ይወጣል፤ መላጣው ጠጉር ያበቅላል። ሰፈሩ «አሳማሪው» ይለዋል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ነው የሚቀበለው።

እኔ ደግሞ የማነሳው ዘራቸው ሊጠፋ የተቃረበ የዱር እንስሳትን ነው። «ያንቺ ሙሽሮች መቼም ፈገግ አይሉ!» እያለ ያሾፍብኛል። ትልልቅ ፎቶ የሚያትም ማሽን ያለው ግን እሱ ስለሆነ፣ የኤግዚቢሽኔን ሥራዎች የላክሁት ለእሱ ነበር።

ከሁሉም የምወደው የአንዲት አውራሪስ ፎቶ ነው። ቀንድ የላትም። ሕገወጥ አዳኞች አውራሪስን የሚገድሉት ለቀንዱ ብለው ስለሆነ፣ የምትኖርበት ፓርክ ጠባቂ በመርፌ አስተኝቶ በመጋዝ ቆርጦላታል። ጥፍር እንደ መቁረጥ ነው፣ አያምም። የቀሩትንም አውራሪሶች ሁሉ እንዲሁ አደረጋቸው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ፓርክ አዳኝ ዝር ብሎ አያውቅም ነበር። በሕይወት ያቆያት ያ ፊቷ ላይ የቀረው የቀንዷ ጉማጅ ነበር፤ ፎቶውንም ያነሳሁት ለእሱ ስል ነው።

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አዳራሹ ገባሁ። ወንድሜ መሰላል ላይ ቆሞ ፍሬሙን ያቃናል። ቀና ብዬ አየሁና ክው አልኩ። አውራሪሷ ቀንድ አላት። ረጅም፣ ሹል፣ የሚያብረቀርቅ ቀንድ።

«ጋሼ! ይሄ ምንድነው?»

«አላማረችም ታዲያ? እታለም፣ ቀንድ የሌለው አውራሪስ ማን ያያል? ጉማሬ መስላ ነበር እኮ! ከድሮ ፎቶሽ ላይ ወስጄ ገጠምኩላት።»

ደሜ ፈላ። «አውርደው! አሁኑኑ አውርደው!»

«ምን ያስቆጣሻል? ባለፈው ሳምንት በፎቶ ቤቱ ገጽ ላይ ብለጥፈው አገር ምድሩ ተቀባበለው። የፓርኩን ስም ሳይቀር ጽፌልሻለሁ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ የወጣውንማ ማን ይመልሰዋል? ወዲያው ስልኬ ጮኸ። የፓርኩ ጠባቂ ነበር።

«ገደሏት» አለኝ። «ከሩቅ ተኩሰው ነው፤ ፊቷን ያዩት ከወደቀች በኋላ ነው። አንዱን ይዘነዋል። ‹ሳትቆረጥ የቀረች አለች ብለን መጣን› ይላል። ስልኩን ከፍቶ ሲያሳየኝ ያንቺ ፎቶ ነው። ቀንዷን በገዛ እጄ ስቆርጥ አጠገቤ ነበርሽ። ንገሪኝ እስቲ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

ስልኩን እንደያዝኩ ቀና ብዬ ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አየሁ።

ወንድሜ ከመሰላሉ ላይ ጎንበስ አለ።

«ጠባቂው ነው እንዴ? ፎቶውን አየው? ምን አለ?»