አንቺ ባዩ ኮምፒውተር

ሱልቢ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪቀላ ለፍታ የፈጠረችው የኮምፒውተር ቋንቋ ስሙ ማሩ ነው። ማሩን ለማዘዝ እንግሊዝኛ አያስፈልግም፤ «ከሆነ»፣ «አለበለዚያ»፣ «አሳይ» እያሉ በኮሪያኛ መጻፍ ብቻ ነው። ይህንኑ ይዛ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጎክሶንግ ከተማ አጠገብ ባለ መንደር፣ በአረጋውያን ቤት ውስጥ፣ አሮጊቶችን ማስተማር ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት አሥራ ሁለት ሆነው መጡ። በአምስተኛው የመጡት ሦስት ብቻ ነበሩ።

ሰበቡ አያልቅም። አንዷ ኪምቺ ለሚባለው ኮምጣጣ ምግብ የሚሆን ጎመን ጨው ውስጥ ነክሬያለሁ አለች፤ ሌላዋን ጉልበቷን አመማት። እውነቱን የነገራት የለም፤ መምህርን ፊት ለፊት ማስቀየም ነውር ነዋ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ደግሞ የቤቱ ኃላፊ አቶ ናም ሊጎበኙ ይመጣሉ። ተማሪው ከስምንት ካነሰ ትምህርቱ ቀርቶ ክፍሉ ለዘፈን ቡድኑ ይሰጣል።

መምጣት ካላቋረጡት ከሦስቱ አንዷ የሰባ ስምንት ዓመቷ እማማ ማልሱን ናቸው። ቀጣዩ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የሚያሳይ ፕሮግራም እየጻፉ ነበር። አንድ ነገር ነኩና ኪቦርዱን ገፋ አደረጉት።

«እምቢ አለዎት፣ እማማ?»

«ተይኝ እስቲ።»

«ምን ሆነው ነው?»

«ይኸ ልጅ አሳዳጊ የለውም?»

«የቱ ልጅ?»

«ይኸ ውስጥ ያለው ነዋ። በተሳሳትኩ ቁጥር ‹ተሳስተሻል፤ ድገሚ› ይለኛል። አማቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንዲህ አላመናጨቀችኝም።»

«ሌሎቹም የቀሩት ለዚህ ነው?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ? ያቺ ጎመን ነከርኩ ያለችሽ ኦክቡን ‹በስተርጅናዬ የሁለት ዓመት ሕፃን አንቺ ይበለኝ?› ብላ ነው የሄደችው። የምን ጎመን፣ የምን ጉልበት።»

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል። የማሩ አፍ ሲከፈት የታየው የሱልቢ ጭንቅላት ነበር። ቃላቱን ከእንግሊዝኛ ወደ ኮሪያኛ ስላዛወረች ቋንቋ የሠራች መስሏት፣ ትልቅ ሰው አንቱ መባሉን ረስታዋለች። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። እዚያው ቁጭ ብላ የማሩን መልሶች አንድ በአንድ ትቀይር ጀመር።

«አሁን ይሞክሩት፣ እማማ።»

እማማ ማልሱን ሆነ ብለው አሳስተው ጻፉ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልገባኝም። ቢደግሙልኝ?» የሚል መልስ ወጣ። መነጽራቸውን አስተካክለው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ስልካቸውን አወጡ።

«ኦክቡን፣ ጎመኑን ተዪውና ነዪ። ልጁ ሥርዓት ተምሯል። ለሌሎቹም ንገሪያቸው።»

አቶ ናም ሲመጡ አሥር አሮጊቶች አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ ቀና ብሎ ያያቸው የለም። ቆጥረው ቢጨርሱም መውጣቱ አላስቻላቸውም። «እስቲ እኔም ልየው» ብለው ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጡና በሁለት ጣት ኪቦርዱን መታ መታ አደረጉ። ማሩ ይቅርታ ጠየቃቸው።

አቶ ናም ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ ብድግ ብለው ለኮምፒውተሩ እጅ ነሱት።

«ኧረ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አሉት።