የኪሩ ፊት ያለበት ቲሸርት

«እኔ ያተምኩት ፊት ባለቤቱ ቢያረጅ እንኳ ቲሸርቱ ላይ አያረጅም!»

ይህን ያለችው ሃኒ ናት፤ ስለ ሃኒ ሌላ ማን እንዲህ ይላል? በቆርቆሮ የተሠራው የቲሸርት ማተሚያ ሱቃቸው ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነው። እስካሁን ገባ ወጣ የሚለው ደንበኛ አቧራውን የተሸከመው የአዳማ ንፋስ ብቻ ነው። ጉራዋን የሰማችው ሸሪኳ ቡዜ ነበረች፤ እሷ ደግሞ ለጉራ ጆሮ የላትም።

የሁለቱ ጭቅጭቅ አንድ ነው፦ በምን እናትም? የሃኒ ልብ ያረፈው ከአጎቷ ፎቶ ቤት በውሰት ባመጣችው ሂት ፕረስ፣ በሙቀት በሚያትመው ማሽን ላይ ነው። ፎቶውን ልዩ ወረቀት ላይ ታወጫለሽ፣ ቲሸርቱ ላይ ታስተኚዋለሽ፣ የጋለውን ብረት ትጫኚበታለሽ፣ ወረቀቱን ስትልጪ አለቀ። ቡዜ ግን ስክሪን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ናት። ስስ ጨርቅ በፍሬም ላይ ይወጠራል፣ ቀለም ይፈስበታል፣ ቀለሙ በጎማ ይገፋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ቀለም በጨመርሽ ቁጥር ሌላ ፍሬም ነው።

«አንቺ አንዱን እስክታደርቂ እኔ ሰፈሩን አልብሼ እጨርሳለሁ» አለች ሃኒ።

«አልብሺው። ሲላጥበት ወደ እኔ ይመጣል» አለች ቡዜ።

እንዲህ ሲናቆሩ ኪሩ ብቅ አለ። የሰፈሩ ወጣቶች አስተባባሪ ነው። ለጥምቀት ታቦት አጅበው ሲወርዱ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለብሳሉ። ይህን ትእዛዝ ያገኘ ሱቅ ሥራው በከተማው ሁሉ ደረት ላይ ይታይለታል። ካላገኙት ግን ሂት ፕረሱ ወደ አጎት፣ ሃኒና ቡዜም ወደየእናታቸው ጓዳ።

«ሁለታችሁም አንዳንድ ናሙና ሥሩ» አለ ኪሩ። «እናቴ ታጥባቸዋለች፣ ትተኩሳቸዋለች። ጠበል ሲረጭ ቲሸርታችን ቢለቅ መሳቂያ ነው የምንሆነው። ከእናቴ እጅ የተረፈ ግን ከምንም ይተርፋል።»

ሃኒ እዚያው በስልኳ ፎቶ አነሳችውና ፊቱን ከነጥርሱ፣ ከነአዲሷ ፂሙ ቲሸርት ደረት ላይ ለጠፈችለት። «መልክህ ራሱ እንዲህ አያምርም» አለችው። ቡዜ አንዲት ሰማያዊ መስቀል ከሰፈሩ ስም ጋር ገፍታ ፀሐይ ላይ አሰጣች። ኪሩ የቡዜን «አሪፍ ነው» ብሎ አጠፈው። የራሱን ፊት ግን በሁለት እጁ ይዞ እያየው ሄደ። ሃኒ በልቧ ትእዛዙን ተቀብላ ጨርሳለች።

በማግስቱ ኪሩ እናቱን እትዬ እልፍነሽን አስከትሎ መጣ። እትዬ ሰላምታም ሳይሰጡ ነጠላቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ነጠላው መሐል የኪሩ ዓይን፣ አፍንጫ፣ ፂምና ሙሉ ፈገግታ ቁጭ ብሏል!

«ሳጥበው ደህና ነበር» አሉ። «ስተኩሰው እንዳያርብኝ ብዬ ነጠላዬን ደረብኩበት። ነጠላዬን ሳነሳ ልጄ ተከትሎኝ ተነሳ!»

ቲሸርቱንም ዘረጉት። ሁለት ጆሮና ጎፈሬ ብቻ ቀርቷል። ቡዜ «ማሎ!» ብላ በሳቅ ሆዷን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። የእሷ መስቀል በዚያው ካውያ ተተኩሶ ንቅንቅ አላለም፤ ጭራሽ ሙቀቱ ቀለሙን አጥብቆታል።

«እትዬ፣ ፎቶ ያለበት ልብስ እኮ ተገልብጦ ነው የሚተኮሰው» አለች ሃኒ፣ ድምጿ ቀጠን ብሎ።

«ቲሸርት ለባሹ ሁሉ እናት አለው፤ በየቤቱ እየዞርሽ ልትነግሪልኝ ነው?»

ኪሩ ጆሮዎቹን አንስቶ አያቸውና ተነፈሰ። «በቃ፣ ስክሪን ይሁን። ሥራው የእናንተ ነው። ፊቴን ግን ተዉት።»

ቡዜ ተመልሳ ፍሬሙን ስታስተካክል ሃኒ ጎማውን ከእጇ ነጠቀችና ቀለሙን ሳብ አድርጋ ገፋችው። ፍሬሙን ሲያነሱት መስቀሏ ጥርት ብላ ወጣች። የሃኒም አገጭ አብሮ ተነሳ።

«አያችሁ? ድሮም እጄ የስክሪን እጅ ነው! ከዛሬ ጀምሮ የአዳማ የቲሸርት ንግሥት በሉኝ!»

እትዬ እልፍነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው እጇ ላይ ጣሉት።

«እሺ ንግሥት፣ መጀመሪያ የልጄን አፍንጫ ከነጠላዬ ላይ አንሺልኝ።»