የከሪም ማሽን ማደሪያ

«ዛሬም መጣ» አለ ሰላሕ፣ ከዳሱ ጥግ ሆኖ ለወንድሙ ልጅ ለረውዳ። «ሐዘን ሊደርስ ሳይሆን ዕቃ ሊለካ የመጣ ነው የሚመስለው።»

ረውዳም አይታዋለች። የኮሌጁ መምህር ማንደፍሮ አባቷ ከተቀበረ ወዲህ አልቀረም። ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጦ እንኳ ዓይኑ ከውስጠኛዋ ክፍል በር አይነቀልም።

በዚያች ክፍል ቁም ሳጥን የሚያህል አሮጌ ኮምፒውተር ቆሟል። አባቷ ከሪም በወጣትነቱ ደሴ ውስጥ በአንድ ጅምላ ንግድ ቤት የሸቀጥ ሒሳብ ይሠራበት ነበር። ንግድ ቤቱ ሲዘጋ በብረት ዋጋ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና ሰቆጣ አመጣው። አሁን ግን ክፍሏ ለእናቷ ለፋጤ ታስፈልጋለች። ባሏ የሞተባት ሴት የሐዘን ወራቷን፣ ዒዳዋን፣ እስክትጨርስ ከቤት አትወጣም፤ ሱቅና መኖሪያ በተቀላቀለበት በዚህ ቤት ደግሞ ሌላ መከለያ የለም። ማሽኑ መሄድ አለበት። ግን ወዴት?

«የወልድያው ብረት ገዥ ነገ ይጭነዋል» አለ ሰላሕ። «ውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ካርዶች ላይ ወርቅ አለ ብሏል። ለእናትሽም ይጠቅማታል።»

«መምህሩስ?»

«እሱም ወርቁን ነዋ! ለቅሶ ቤት የገባ ሁሉ አዛኝ መሰለሽ?»

«ከሪም ጂን አስሮበታል የሚሉም አሉ» ስትል አንዲት ጎረቤት አንሾካሾከች።

ረውዳ አልሳቀችም። አባቷ ማሽኑን ከመንካቱ በፊት የመስኮቱን ብረት በመዳፉ ይይዝ ነበር። ልጅ ሳለች «ለምን?» ብትለው፣ «ብረቱን ያልያዘ አይነካውም» ብሎ አለፈ። ፈርታ ዳግመኛ አልጠየቀችም።

ማንደፍሮ ተነስቶ ወደ እሷ መጣ።

«ረውዳ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ብረት ገዥ ይመጣል ሲባል ሰማሁ። አባትሽ ማሽኑን ለተማሪዎቼ ሊሰጡኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። የዛሬው ኮምፒውተር ቢከፈትም ሥራው አይታይም፤ የዚህ ግን ሽቦው ሁሉ በዓይን ይቆጠራል።»

«ምስክር አለዎት?»

«የለኝም።»

«ለእኛ ያልነገረንን ለእርስዎ ነገረዎት?»

«ቅዳሜ፣ እናንተ ገበያ ስትወርዱ እመጣ ነበር።»

«ቤት ሰው ሲጠፋ ማለት ነው! ይበል!» አለ ሰላሕ።

ረውዳ ቁልፉን አወጣች። «እኛ እያየን ይክፈቱት።»

ማንደፍሮ ገባ። ማሽኑን ከመንካቱ በፊት፣ ማንም ሳይነግረው፣ የመስኮቱን ብረት ያዘ።

ረውዳ ክው አለች። «ለምንድን ነው እንዲህ የሚያደርጉት?»

«ሰውነታችን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ካርዶቹን ያበላሻል። መጀመሪያ ወደ ብረቱ ይሂድ ብለው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

የጎን ክዳኑን አነሳ። ካርዶቹ ከቦታቸው ወጥተው፣ አንድ በአንድ በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ከሪም ደሃ ሲሞት ከሱቁ ቀዶ በነጻ የሚሰጠው የከፈን ጨርቅ ነው። እያንዳንዱ እንደተከፈነ ሬሳ ራስጌና ግርጌው ታስሯል።

ሰላሕ እጁን ሰዶ አንዱን ፈታ። የካርዱ ጫፍ ላይ ክር የሚያህል ቢጫ ታየ። እሱ ግን ጨርቁን ነበር የሚያየው።

«የወንድሜ መቃብር ውስጥ የወረድኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የከፈኑን እስር የፈታሁለት በዚህ እጄ ነው።»



«መምህር፣ ነገ በጠዋት፣ ብረት ገዥው ሳይደርስ፣ ሰው ይዘው መጥተው ይውሰዱት» አለች ረውዳ። አጎቷን አየችው፤ አልተቃወመም።

ካርዱን ከእጁ ተቀብላ እንደነበረው ጠቀለለችው። ራስጌውን አሰረች። ግርጌው ላይ ክሩ አመለጣት፤ ደግማ አዞረችው። ሰላሕ ጎንበስ አለና፣ እስክትቋጥረው ድረስ ክሩ የተሻገረበትን ቦታ በአንድ ጣቱ ያዘላት።