ሟቹ ያልተጠራበት ሙሾ

«የሕዝብ ነው» ብለው ጻፉት። ሙሾውን ያወጣሁት እኔ ተዋበች ነኝ፤ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ሰው ሲሞት በቅሎ የሚላክልኝ አልቃሽ። የልጅ ልጄ ርብቃ ለአልበሟ የተዘጋጀውን ወረቀት ይዛ መጥታ «ግጥም፦ የሕዝብ» ብላ አነበበችልኝ። ይኸን ሕዝብ የሚሉትን ሰውዬ አላውቀውም። ልጄ ጌታነህ የሞተ ጊዜ አንድ ቃል ሲያዋጣ አላየሁትም። የቤተ ልሔም የድጓ መሪጌታ ያወጣው ቢሆን ኑሮ ስሙ ከነማዕረጉ ይጻፍ ነበር። ፊደል የማታውቅ አሮጊት ያወጣችውን ግን እንደ ሜዳ ጎመን ማንም ይቀጥፈዋል።

«እምዬ፣ ስቱዲዮ ያሉት ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «በጣም የቆየ ዜማ መስሏቸው ነው።»

«የቆየሁትስ እኔ አይደለሁም?»

ርብቃ አዲስ አበባ ያደገች የጃዝ ዘፋኝ ናት። አሁን የምታስቀዳው ቦሳ ኖቫ ይባላል፤ የብራዚል ሰዎች ዘፈን ነው፣ ከጆሮ ሥር እንደሚነገር ምስጢር በቀስታ የሚዘፈን። ዘጠኙን እዚያው ጨርሳ፣ አሥረኛውን በአባቷ አገር ልታስቀዳ ጊታር መቺውን ምንይችልን አስከትላ እስቴ መጣች። አሥረኛው የእኔ ሙሾ ነው፤ አምና ልትጠይቀኝ መጥታ በስልኳ የያዘችው።

አባቷ ጌታነህ አዲስ አበባ ግንብ ሲሠራ ከፎቅ ወድቆ ሞተ። እዚያው ቀበሩት። መርዶው እኔ ዘንድ የደረሰው አርባው ካለፈ ነው። ሬሳውን ቢያሳጡኝ ጋቢውን ደጅ ላይ ዘርግቼ አለቀስሁ። ሙሾው ያን ቀን የወጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሌላ ሟች አላልሁትም፤ የአንዱ ከፈን ለሌላው አይገለበጥም።

ምንይችል የማያስተጋባ ቤት ሲፈልግ ረፈደ። የእኔ ቤት ቆርቆሮው ይንጫጫል። የጭዱን ቤት ከፈትሁለት። ገብቶ ቢያጨበጭብ ጭዱ ድምፁን ዋጠው።

«እማማ፣ እኛ ይኸን በስንት ስፖንጅ ነው የምንሠራው!»

«እኔ በበሬ ነው የሠራሁት» አልሁት። «ያ ክራርህስ ምን በልቶ እንዲህ ወፈረ?»

ሣቀ። አውራ ዶሮው እንዳይጮህ ቅርጫት ተደፋበት። ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆሙ፤ ሙሾ ይባላል ሲባል ሰምተው እንደ ልቅሶ ነው የመጡት።

ርብቃ ጭዱ ላይ ተቀምጣ ጀመረች። መጀመሪያ የስንፍና መሰለኝ። ሙሾ ደረት እየተደቃ ነው እንጂ በሹክሹክታ ይወርዳል? ግን አልዋሽም፤ ብቻዬን ምስር ስለቅም ለራሴ የምለው ልክ እንዲህ ነው። ጆሮዬን ሰጥቼ አዳመጥሁ። ከዚያ እዚህ ደረሰች፦

«ሆዴ ሆይ የኔ ገብስ፣ ቀድሞ የደረሰ፣
ማን አጨደው ይሆን፣ ከማን ደጅ ፈሰሰ።»

በሩ ላይ ካሉት አንድም ሰው አላለቀሰም። እርስ በርስ ተያዩ።

«ቆንጆ! ይኸ ይያዝልን» አለ ምንይችል።

ተነሣሁ። «ማነው የሞተው?»

«ምን አሉኝ እምዬ?»

«ማነው የሞተው? ሰዎቹ ለማን ያልቅሱ? ሆዴ የሚባል ልጅ አልወለድሁም። ጌታነህ የኔ ገብስ ብዬ ነው የሰጠሁሽ። ልጄን የት ጣልሽው?»

ምንይችል ጣልቃ ገባ። «እማማ፣ ስም ከሌለው የሁሉም ይሆናል እኮ። ሰሚው ፍቅረኛውን ያስብበታል።»

«ፍቅረኛውን በራሱ ገብስ ያስባት!»

ርብቃ አንገቷን ደፋች። «እሱን አይቆጡት፤ ስሙን ከግጥሙ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ሞከርሁ። ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል። የተሰበረ ድምፅ ደግሞ አልበም ላይ አይገባም።»

ቁጣዬ ቆመ። «መርዶውን ያረዳሽ ማነው?» አልኋት።

«ማንም። ስድስት ዓመቴ ነበር። ሩቅ አገር ሥራ ሄዷል አሉኝ። በኋላ የትምህርት ቤት ልጆች ነገሩኝ።»

«አልቅሰሽለታል?»

ራሷን ነቀነቀች፤ የለም ነው።

ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት ሙሉ የአባቷን እርም ሳታወጣ ሰው ፊት ቆማ ስትዘፍን ኖራለች። እኔ ለሰው ሁሉ አልቃሽ፣ በቅሎ የሚላክልኝ፣ የገዛ ልጄን ልጅ አላስለቀስሁም። ያ ወረቀት ትዝ አለኝና አፈርሁ።

«ስሚ ርብቃ» አልኋት። «የእኔን ስም ሕዝቡ ይውሰደው።» ይኸን ስል እንደ ኮሶ መረረኝ። «የአባትሽን ስም ግን ለማንም አልሰጥም። እኔም ያን ቀን ድምፄ ተሰብሯል፤ አገሩ ያለቀሰው እዚያው ስብራቱ ላይ ነው። ጩኺ አላልሁሽም፤ እንደዚያው በቀስታሽ በይው። ቀና በይ። ጌታነህ በይ። ሲሰበር ይሰበር። አንተም ምንይችል፣ እሷ ብታለቅስም እጅህን ከጊታሩ እንዳታነሣ።»