ሚጣ አንዲት ቃል ያቃታት ቀን

ሚጣ በአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የታማሚ ሚስት ሆና ትተውናለች። የዚያን ዕለት የሚቀረጸው ክፍል ቀላል ነበር። ባልየው አልጋው ላይ ሆኖ «ሕክምናው ይብቃኝ፣ በሰላም ልሂድ» ይላታል፤ እሷም እጁን ይዛ «ይሁን» ትለዋለች። በቃ፣ አንዲት ቃል ናት።

ቃሏ ግን አልወጣ አለቻት። ከካሜራው ጀርባ ታላቅ እህቷ ተቀምጣለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አዝላ ያሳደገቻት እትዬ፣ ፀጉሯ በካንሰር ሕክምና ረግፎ ሻሽ ጠምጥማ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ጠዋት «ቤት መዋል ሰለቸኝ፣ ይዘሽኝ ሂጂ» ስትላት ሚጣ ደስ ብሏት ነበር። ሰው ማየት ካማራት ተሽሏታል ብላ።

«ከት፣ ይቁም!» አለ አዘጋጁ፣ እንደገና። «ምን ነካሽ? ኧረ ሰውዬው እስኪሞት አትጠብቂ።»

ሁሉም ሳቀ። ታማሚውም ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ ሳቀ። እትዬ ግን አልሳቀችም።

እረፍት ሲባል ሚጣ እህቷን ደግፋ ሜካፕ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«እንዲህ አፍጥጠሽብኝ እንዴት ልሥራ?»

«ማታ ስታጠኚ ሰምቼሽ፣ ስትይው ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ምኑን?»

«ይሁን ስትይ። ለኔ ከማለትሽ በፊት አፍሽን እንድታፍታቺ ብዬ።»

«ሰኞ ቀጠሮ አለን። ሐኪሙ አዲሱን መድኃኒት እንሞክር ብሏል።»

«ነግሬዋለሁ፤ አልሄድም። ከእንግዲህ ማስታገሻ ብቻ ነው የምወስደው።»

«ለኔ ሳትነግሪኝ?»

«አንቺማ አልቅሰሽ ሐሳቤን ታስለውጪኛለሽ።»

«እና እጄን አጣጥፌ ልይሽ? ለራስሽ ብቻ ነው ያሰብሽው።» ገና ከአፏ ሳይወጣ ጸጸታት።

እትዬ አልተቆጣችም። «አዎ፣ ለራሴ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ለራሴ ላስብ።»

በሩ ተንኳኳ፤ ተዘጋጅተናል አሉ። ሚጣ እንባዋን ጠርጋ ወጣች። የታማሚውን እጅ ያዘች፤ አፏ ግን አሁንም አልታዘዝ አላት። አዘጋጁ ተናደደ፣ ተመላለሰ፣ በመጨረሻም ቃሏ ቀርታ ክፍሉ በዝምታ እንዲያልፍ አደረገ።

ሰኞ ጠዋት ሚጣ ለቀጠሮው በማለዳ ለባብሳ እህቷ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመች። እትዬ ነቅታ ነበር፤ ቀና ብላ አየቻት እንጂ አልተነሳችም። ሚጣ ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ሐኪሙ ዘንድ ደወለች።

«ቀጠሮውን ትተነዋል» አለች። «ሕመሙ ሲበረታባት ማስታገሻውን እንዴት እንደምሰጣት ያሳዩኝ።»