ተነሺዋ ኳስ

ኳሷ ዝቅ ብላ መጣችና ከኃይለመስቀል ጓንት ፊት አፈሩ ላይ ነጥራ ጉልበቱን አገኘችው።

"ይቅርታ ቲቸር!" አለች ጀናት ከሜዳው ወዲያ ጫፍ።

"ይቅርታሽን ተይና ድገሚ። ምንም አልሆንኩም።"

ሆኗል። አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ቁጢጥ ብሎ ኳስ ሲቀልብ ጉልበቱ ዝም አይልም፤ የእሱ ደግሞ ከዱሮም ሰበብ ፈላጊ ነው። ግን ሌላ ቀላቢ የለም። እዚህ ቦታ ላይ ቁጢጥ ይል የነበረው የጀናት አባት ዐብዱልገኒ ነበር። ዐብዱልገኒ ከሞተ አርባ አራት ቀኑ ነው።

ሜዳው ከሐረር ግንብ፣ ከኤረር በር ወጣ ብሎ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ ከቆላ ሸንኮራ የጫኑ አህዮች በዳር በዳር ያልፋሉ። ነጂዎቹ ቆም ይሉና ሻሽ ያሰረችው ልጅ ክንዷን ሙሉ ዙር አሽከርክራ ኳስ ስትወረውር አይተው፣ እርስ በርስ ተሳስቀው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ኃይለመስቀል ሳቁን ለምዶታል። ሶፍትቦልን ወደ ትምህርት ቤታቸው ያመጣችው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የመጣች አንዲት ጃፓናዊት በጎ ፈቃደኛ ነበረች። ሁለት ዓመት አስተምራ ስትሄድ አንድ ጆንያ ጓንት፣ አራት ዱላና አሥራ አንድ ኳስ ለስፖርት መምህሩ ለኃይለመስቀል ተወችለት። መምህራኑ እስከ ዛሬ "የጃፓን ገና" እያሉ ያሾፉበታል። ከኳሶቹ የቀሩት ስድስት ናቸው።

ጃፓናዊቷ ካሳየችው ሁሉ ከልቡ ያልወጣች አንዲት ውርወራ አለች። ኳሷ ከዳሌ አጠገብ ትለቀቅና መቺው ጋ ስትደርስ ሽቅብ ትነሳለች፤ መቺው ከሥሯ አየር መትቶ ይቀራል። "ተነሺዋ" ይላታል። እሱ አንድም ቀን አልሆነችለትም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ካስተማራቸው ልጆች መሀል ትችላታለች ብሎ ያመነው የአሥራ አምስት ዓመቷን ጀናትን ብቻ ነው። ሐሙስ ለውድድር ወደ አዳማ ይሄዳሉ። ለብሔራዊ ቡድን የሚመለምሉ ሰዎች እንደሚመጡም ተነግሮታል። ያቺን ኳስ እዚያ ከወረወረች አለቀ፤ ልጅቷን ማንም አያልፋትም።

"አሁንም ተነሺዋን!" ብሎ ጮኸ።

መጣች። አሁንም ዝቅ ብላ።

ኳሷን አንስቶ አገላብጦ አያት። አዟዟሯ ከሩቅ እንዲታይ ወገቧን በጥቁር ፕላስተር አስሯታል፤ አየር ላይ ሳለች ጥቁሩ መስመር ቀጥ ብሎ ከቆመ አዟዟሯ ትክክል ነው። ቆሞ ነበር። የእጇ አንጓም ከሥር ገብቶ ቁልፍ እንደሚከፍት ሰው ዞሯል፤ ፍጥነቷም አለ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ኳሷ ብቻ መሬት መሬት ታያለች። ኃይለመስቀል ሃያ አራት ዓመት ልጆች አስተምሯል፤ ያቃተውን ልጅና ያልፈለገውን ልጅ ለይቶ ያውቃል።

ተነሳና ወደ እሷ ሄደ።

"ሆን ብለሽ ነው ዝቅ የምታደርጊያት" አላት።

በጫማዋ ጫፍ አፈሩን ትጭራለች።

"ንገሪኝ እንጂ ጀናት። አልቆጣሽም።"

"ከፍ ካለች ይነሳሉ" አለች በመጨረሻ።

"ማነው የሚነሳው?"

"እርስዎ። ቀላቢው። ቁጢጥ ካሉበት ብድግ ማለት አለብዎት።" ድምጿ ቀጠነ። "አባቴ ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደተነሳ ቆጥሬዋለሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ። ሲነሳ፣ ሲቀመጥ፣ ሲነሳ... ከዚያ ልብስ ስፌት ሱቁ ሄደ፤ ዙህር ሶላት ሳይደርስ ስፌት መኪናው ላይ ተደፋ።"

"ልቡ ነው ጀናት። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል። ቆይቶበት የነበረ የልብ ሕመም ነው።"

"ጾም ነበር ቲቸር።"

ኃይለመስቀል ዓይኑን ወደ አህዮቹ መለሰ።

"የሸዋልን ስድስት ቀን ይዞ ነበር። ከረመዳን በኋላ የምንጾመውን። እርስዎ ዒዱ ስላለፈ ጾሙ ያለቀ መሰልዎት። እርስዎ አላወቁም፤ በእርስዎ አልፈርድም። እኔ ግን ከንጋት በፊት ሱሑር ላይ አብሬው በልቻለሁ። ደረቱን ሲይዝም አይቼዋለሁ። 'ይብቃ አባዬ' ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ኳሷ እየመጣችልኝ ነበራ!"

ፊቷን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ኃይለመስቀል አጠገቧ ቆሞ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ያን ቀን ጠዋት ዐብዱልገኒ ከአሮጌ ጅንስና ከስፖንጅ ራሱ የሰፋውን የደረት መከላከያ እያሰረ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እንዲህ ብሎት ነበር፤ "ኃይሌ፣ ስድስቱን ይዣለሁ። ዛሬ ቀለል አድርጋት እሺ?" ኃይለመስቀልም "የውዴታ ጾም አይደል እንዴ? ከከበደህ ትፈታዋለህ" ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ሐረር ተወልዶ፣ ሐረር አድጎ፣ ከእስላም ጎረቤት ጋር አንድ ግድግዳ ተካፍሎ የኖረ ሰው ነው። የያዘውን ጾም በሰው ፊት፣ ያውም ለጨዋታ ብሎ የሚፈታ ሐረሪ እንደሌለ ጠፍቶት አይደለም። እሱ ራሱ ሁዳዴ ላይ ሆኖ ውሃ ጠጥቶ ስለወጣ የሁሉም ሰው ጾም እንደራሱ ጾም ቀላል መሰለው። በመሀል ዐብዱልገኒ ደረቱን ሲያሽ የውሃውን ፕላስቲክ ጠርሙስ ዘረጋለት። ዐብዱልገኒ ፈገግ ብሎ ሳይጠጣ ጠርሙሱን መለሰለት። "እንግዲያው አምስት ብቻ" አለ ኃይለመስቀል፤ ከአምስቱ በኋላ ደግሞ አምስት፣ ከዚያም አምስት። በሦስተኛው አምስት ጥቁሩ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር።

ይህን ለማንም አልተናገረም። ቀብር ላይ አልቅሷል፣ ተዝያ በሚሉት ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ ወዳጅነቱን አመስግኖለታል። አንድ ቀን እንኳን አፉን አልከፈተም።

"አላወቁም እኮ" አለች ጀናት ደግማ፣ ልታጽናናው የፈለገች ይመስል።

ኃይለመስቀል አንገቱን ነቀነቀ። አላወቅኩም ማለቱ ነበር። ወዲያው ጆሮው ድረስ ጋለው።

"ቲቸር፣ እውነት ኳሷ ትነሳለች?" አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

"አትነሳም" አለ፤ ቢያንስ በዚህ ሊዋሻት አልፈለገም። "እሷም ትወድቃለች። ሰው የሚጠብቀውን ያህል ስለማትወድቅ ነው ዓይን የሚታለለው።"

"ታዲያ ቀላቢው ለምን ይነሳል?"

"እኔ አልነሳም። ቆሜ ነው የምቀልብሽ። አየሽ? ቆሜያለሁ። ግንባሬን አልሚ።"

ኳሷን ሰጥቷት ተመልሶ ሄዶ ቆመ፣ ጓንቱን ፊቱ ላይ ዘረጋ። ጀናት ኳሷን ጣቶቿ መሀል አስተካክላ ለረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ክንዷ ዞረ።

ኳሷ ደረቱን ይዛ ስትመጣ አያት። ጓንቱን ዝቅ አደረገ። የመጨረሻው ክንድ ላይ ግን ያቺ ጥቁር መስመር ሳትዛነፍ ከጓንቱ በላይ ተሻግራ፣ ኮፍያውን በንፋሷ ነክታ አለፈች። ከኋላው ካለው አህያ ነጂ "ያ ረቢ!" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"አየኋት!" ብላ ጮኸች ጀናት። "ቲቸር፣ አየኋት!"

እየዘለለች ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ጥርሷን ያየው ያን ጊዜ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቃት ኳስ በራሱ ላይ አልፋ ሄደች፤ ኃይለመስቀል ግን ሊያነሳት ዞር ሲል ዓይኑ እንባ ሞልቶ ኳሷ የወደቀችበትን አጣው።

ከዚያ አብረው ወደ ፈላና በር፣ ወደ ጀናት ቤት ሄዱ። ተማሪ ከከተማ ለመውጣት የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋታል፤ የጀናት እናት ዘምዘም ደግሞ ዒዳ ላይ ናት፣ ባሏ ከሞተ አራት ወር ከአሥር ቀን እስኪሞላ ከቤቷ አትወጣም። ስለዚህ ወረቀቱን ቤት ድረስ ይዞላት መጣ። ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ። የሟች እህት ዐብላ ከፍ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዘምዘም ራሷ በውስጠኛው ክፍል ከመጋረጃው ወዲያ ናት። ጀናት የአዳማውን ነገር ለእናቷ በሐረሪ ቋንቋ እየተቻኮለች ነገረቻት።

"እንኳን ደህና መጡ መምህር" አለች ዘምዘም ከመጋረጃው ወዲያ። "ልጄ ዛሬ ድምጿ ሌላ ነው። ምን አደረጓት?"

"እሷው ናት ያደረገችው። እንዴት ሰነበቱ ወይዘሮ ዘምዘም?"

"አልሐምዱሊላህ። ቀኑ ያልፋል።" አለች ዘምዘም። "ዘመዶቹ 'ያ ጨዋታ ነው የበላው፣ ልጅቷን አስወጫት' ይሉኛል። እንደ እነሱ ብሆን ይህን ወረቀት አልፈርምም ነበር።"

ዐብላ አንገቷን ደፋች። ከዘመዶቹ አንዷ እሷ እንደሆነች ታስታውቃለች።

"እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው" ቀጠለች ዘምዘም። "መምህሩ ጾሙን አላወቁም። ቢያውቁ ኖሮ እጁን ይዘው ያስቀምጡት ነበር። ዐብዱልገኒ እንደ ወንድሙ ነበር የሚያያቸው። አላህ ይርሐመው፣ ችሎ ዝም ማለት ልማዱ ነው። የአላህ ቀደር ነው፣ የተጻፈ ነው አልኳቸው።"

ኃይለመስቀል ወረቀቱን ዘረጋ። ጀናት ወረቀቱን ወስዳ ከመጋረጃው ወዲያ ገባች፤ ስትመለስ ፊርማው ገና አልደረቀም ነበር። አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። ለአንድ ወረቀት ብዙ ከበደው።

"ሐሙስ ንጋት ላይ ነው መኪናው" አለ ለመነሳት እየተጣደፈ።

"አላህ በሰላም ይመልሳችሁ። እሷን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።"

ደጃፉ ላይ አንድ እግሩን ጫማው ውስጥ አስገብቶ ሳለ ጀናት ተከትላው ወጣች። ወደ ውስጥ አየት አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ቲቸር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ።"

"ምኑን?"

"ጾሙን አውቄ ዝም ማለቴን። እርስዎን ይቅር ብላለች፤ እርስዎ አላወቁማ። እኔ ግን እያወቅኩ ነው... ከሰማች እንደ በፊቱ አታየኝም። አይነግሩብኝም አይደል?"

ኃይለመስቀል ልጅቷን አያት። ከሜዳው ያመጣችው ሳቅ ገና ፊቷ ላይ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ግን ሳቁ እንዳልነካው አሁን ገባው። አዳማ ትሄዳለች። ኳሷን ትወረውራለች፣ ሰው ያጨበጭብላታል፤ ማታ ተኝታ ሠላሳ አንድ ትቆጥራለች። በሃያ ዓመቷም ትቆጥራለች። እሱ ደግሞ አጠገቧ ቆሞ "ጎበዝ" ይላታል። ከተናገረ ዐብላ ልጅቷን ሐሙስ እንደማትለቃት፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ በዚህ ደጃፍ እንደማያልፍ ያውቃል። የሚያስተምረው ሌላ ጀናት የለውም።

እግሩን ከጫማው አወጣ።

"ምን ረሱ?" አለች ጀናት።

"ነይ፣ አብረሽኝ ግቢ" አላት። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ መደቡ ላይ፣ ከዐብላ ፊት አስቀመጠው፤ ከዚያ ወደ መጋረጃው ዞረ።

"ወይዘሮ ዘምዘም፣ ልጅቷም ትስማ" አለ። "ያን ቀን ጠዋት ዐብዱልገኒ ጾም መያዙን ነግሮኝ ነበር።"