የአራተኛው ገጽ ፍጥነት

በሸክላው አራተኛ ገጽ መሐል ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት ሠላሳ ሦስት ይላል። የዮውኮ ማጫወቻ ግን አርባ አምስት ላይ ነው። ሸክላው በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ እየዞረ ነው፤ የሚሰማውም የባንዱ ዘፋኝ የአህቲ ድምፅ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያ ሻካራ የአህቲ ድምፅ ነው።

ዮውኮ ጣቱን ሰዶ ፍጥነቱን ወደ ሠላሳ ሦስት መለሰው። ጊታሩ ወደ ታች ሰጠመ፤ ከበሮው ተጎተተ። አህቲ ጠፋና ከሐይቅ ግርጌ የሚያጉረመርም ሌላ ፍጡር በቦታው ቆመ።

"ገዝቶ ወደ ቤቱ የወሰደ ሁሉ የሰማው ይሄንን ነው" አለ በስልክ።

በሌላኛው ጫፍ ያለችው የባንዱ ጊታር ተጫዋች ቴርሂ ነበረች። "መጽሔቱም?"

"መጽሔቱም።"

ሱዎቬሲ በካያኒ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ሄቪ ሜታል የተጫወተ ባንድ ነው። ዮውኮ ቀን ቀን በከተማው የማሞቂያ ጣቢያ ይሠራል፤ ማታ ከበሮ ይመታል። ባለ ሁለት ሸክላ አልበማቸው የወጣው በጥር ነበር፤ በኢንተርኔት ገና አልተለቀቀም። የመጽሔቱ ሃያሲ ሦስቱን ገጾች በቅሬታ ካለፈ በኋላ ስለ አራተኛው ሲጽፍ፣ ከበረዶ በታች የሚመጣ ድምፅ መሆኑን፣ ባንዱ ሲፈልገው የኖረውን እዚህ ማግኘቱን ተናገረ። የመደብሩ ገንዘብ ተቀባይ ሳትቀር ዮውኮን ቀና ብላ አይታ "መጥፎ አይደለም" ብላው ነበር። በካያኒ ከዚያ በላይ የሚያሞግስ ሰው የለም። የታተመው ሁሉ አለቀ፤ ሸክላ ማተሚያ ቤቱም ሁለተኛውን እትም እንዲያትም መልስ የሚጠብቀው ዛሬ ነው።

ስህተቱ ቀላል ነበር። አራተኛው ገጽ አንድ ዘፈን ብቻ ስለያዘ ማተሚያ ቤቱ ድምፁ እንዲጠራ በአርባ አምስት እንቅረጸው አለ። ዮውኮ ተስማማ። የሙከራው ሸክላ ሲመጣ በአርባ አምስት ሰማውና አጸደቀው። ልጣፉ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። እሱን ዳግመኛ አላየውም።

"ለአህቲ አትንገረው" አለች ቴርሂ። "ደስ ብሎታል እኮ።"

"ደስ ያለው ድምፄን ወደዱልኝ ብሎ ነው።"

"ከጉሮሮው ቀዶ ጥገና ወዲህ የራሱን ድምፅ መስማት አልፈልግም ብሎ የለ? በምን ያውቃል?"

"ካልነገርኩት ስህተቱ እንዳለ ይታተማል። የመጨረሻ ዘፈኑ ነው፣ ቴርሂ። ሌላ የለውም።"

ቴርሂ ተነፈሰች። "እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ስትነግረው ግን ቢላ በእጁ አለመኖሩን እይ።"

አህቲ ሐይቁ ላይ ነበር። የዓሣ መረቡን ሐይቁን ከሸፈነው በረዶ በታች ጎትቶ ለማውጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለተኛው ሰው ዮውኮ ነው። ሐኪሞቹ የአህቲን ማንቁርት ካወጡ ወዲህ በአንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ይተነፍሳል። መናገር ሲፈልግ ቀዳዳዋን በአውራ ጣቱ ይደፍናታል። ስለዚህ መረብ እየጎተተ አያወራም።

ዮውኮ ዓሦቹን ከመረቡ እየፈታ በረዶው ላይ ይጥላል። ሦስተኛውን ሲፈታ ቀና ሳይል ጀመረ።

"አራተኛው ገጽ ላይ ቁጥሩ ተሳስቷል። ሰው ሁሉ የሰማው ፍጥነቱ ቀንሶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። የወደዱት ያንተን ድምፅ አይደለም።"

አህቲ አንድ እጁን ለቀቀ። መረቡ ወደ ውሃው መንሸራተት ሲጀምር ዮውኮ ጫፉን በቦቲው ረገጠለት።

"የማን ነው ታዲያ?" አለ አህቲ፣ ጣቱ አንገቱ ላይ። ድምፁ ደረቅና ቀጭን ነው። "የጎረቤት ነው?"

"ቀልዴን አይደለም።"

"የወጣ ቀን ነው ያወቅሁት። ሌሊቱን ተነስቼ ሰማሁት። ስቄ ልሞት ነበር። ስስቅ ደግሞ ይቺ ቀዳዳ ታፏጫለች፤ ሚስቴን ቀሰቀስኳት።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ?"

"እኔ ያወቅሁት ዛሬ ጠዋት ነው።"

"ከበሮ መቺ" አለ አህቲ። "የባንዱን ፍጥነት የሚጠብቀው ሰውዬ ሁለት ወር ፈጀበት።"

አህቲ ወደ መረቡ ሊመለስ ብሎ እንደገና እጁን አነሳ።

"ስማኝ። እኔ አሥራ ሦስት ደቂቃ ዘፈንኩ። ከዚያ በኋላ ጉሮሮዬን ወሰዱት፤ አለቀ፤ በቃ። አንተ አንድ ቁጥር ሳታይ ቀረህና አራት ደቂቃ ተኩል ጨመርክልኝ። ሳንባው የኔ ነው። ቃሉም የኔ ነው። ሚስቴ አርባ አምስቱን ትወዳለች፤ ያገባኋት በዚያ ድምፅ ነው። እኔ ግን ሌላውን ነው የምሰማው። ያኛው ሰውዬ የሚቸኩል አይመስልም።"

"ይቅርታ አድርግልኝ።"

"አመሰግንሃለሁ ነው የምልህ። አሁን እግርህን አንሳ፤ መረቤን ቀደድከው።"

ቀሪውን ጎትተው ጨረሱ። ዮውኮ የዓሦቹን ሣጥን ወደ ዳር ከወሰደ በኋላ ጓንቱን አውልቆ ወደ ማተሚያ ቤቱ ደወለ። ስህተቱን ሲነግራት ስልኩን ያነሳችው ሴት አራተኛው ገጽ ላይ ሠላሳ ሦስት ይባል ወይስ አርባ አምስት ስትል ጠየቀችው።

ዮውኮ አህቲን አየ። አህቲ ጀርባውን ሰጥቶ በረዶውን መረቡ ከወጣበት ቀዳዳ አፍ እየጠረገ ነበር።

"ሁለቱም ይጻፍ" አለ።

"የትኛው ነው ትክክሉ?"

"ሁለቱም።"

ሁለተኛው እትም በሚያዝያ ወጣ። በአራተኛው ገጽ ልጣፍ ላይ ሁለት ቁጥሮች፣ በተመሳሳይ መጠን፣ ጎን ለጎን ታትመዋል። ርዝመት በሚለው ቦታ አሥራ ሦስት ደቂቃ፣ ወይም አሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል ይላል።